«የጎደለኝ ካፒታል ብቻ ነው»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከለገሃር አካባቢ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 27 ነው፤ ሞባይል ጥገና ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ቤቲንግ እጫወታለሁ፤ ግን እንደ ጓደኞቼ ዝም ብዬ ቲኬት አልቆርጥም። ሲስተም አለኝ። ኦዱ 2.00 የሆነ፣ ማለትም ከገባ ያስያዝኩትን እጥፍ የሚከፍል፣ አንድ ጨዋታ ብቻ እመርጥና 50 ብር አስይዛለሁ። ከተበላሁ በሚቀጥለው 100፣ ከዚያ 200፣ ከዚያ 400 እያልኩ እጥፍ አደርጋለሁ። አንዴ ሲገባልኝ የተበላሁትን በሙሉ መልሼ 50 ብር አተርፋለሁ። ከዚያ እንደገና ከ50 ነው። በዚህ ዘዴ 80 ጊዜ ያህል አሸንፌ 4,000 ብር አተረፍኩ። ሁሉም በደብተሬ ላይ አለ።

ባለፈው ሰሞን ግን ስምንት ጊዜ በተከታታይ ተበላሁ። 12,750 ብር ሄደ። ዘጠነኛውን ለማስያዝ 12,800 ያስፈልገኝ ነበር፤ ከየት ይምጣ? የሚያናድደው ደግሞ ዘጠነኛው ጨዋታ ገባ! (ከሄደው ብር 3,000ው የሱቁ ሽያጭ ነው፤ ደመወዝ ስቀበል እተካዋለሁ።) በሚቀጥለው ወር የእቁብ ተራዬ ደርሶ 60,000 ብር እቀበላለሁ፤ ከእጮኛዬ ጋር ግማሽ ግማሽ የምንጥለው ነው። በእሱ እስከ አሥረኛው ድረስ መሄድ እችላለሁ። ሲስተሙ ልክ ነው፣ የጎደለኝ ካፒታል ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ። እርስዎ የሒሳብ ሰው ነዎት፤ ተሳስቻለሁ? ሌላው፣ አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም ፊክስ ጨዋታ፣ ውጤቱ አስቀድሞ የተወሰነ ነው የሚባለውን፣ ይገዛል፤ የእሱስ ይሻላል? — ደ.»

ወንድሜ ደ.፣

አዎ፣ ተሳስተሃል። ግን «ቁማር መጥፎ ነው» ብዬ ላሰናብትህ አልፈልግም። እሱን ቤተሰብም ጎረቤትም ነግሮሃል። የጠየቅከኝ የሒሳብ ጥያቄ ነው፤ በሒሳብ ልመልስልህ። ያንን ደብተር አምጣና አብረን እንጻፍ።

እስቲ ለጊዜው ቤቲንግ ቤቱን እንተወው። ከአንድ ጨዋ ሰው ጋር ሳንቲም እየጣልክ ነው እንበል። ሰውየው ኮሚሽን አይቆርጥም፣ አያጭበረብርም። ዘውድ ሲወጣ ያስያዝከውን እጥፍ አድርጎ ይሰጥሃል፤ ጎፈር ሲወጣ ብሩ ይቀራል። አንተ በዚያው በሲስተምህ ትጫወታለህ። ከ50 ጀምረህ ወይ አንዴ እስክታሸንፍ፣ ወይ ስምንቴ ተበልተህ ብሩ እስኪያልቅ ያለውን አንድ ዙር እንበለው። ስምንት ጊዜ በተከታታይ ጎፈር የመውጣቱ ዕድል ከ256 አንድ ነው። ስለዚህ በአማካይ ከ256 ዙር 255ቱን ታሸንፋለህ ማለት ነው። ይህን ሲሰማ ማን አይጫወትም? በየዙሩ 50 ብር ነው የምታገኘው። 255 ሲባዛ በ50 ስንት መጣ? 12,750። በቀረችው በአንዷ ዙር የሚሄደውስ ስንት ነው? 12,750።

ካላመንክ ድጋሚ አስላው። አምስት ሳንቲም እንኳ አይዛነፍም።

አሁን ወደ ካፒታሉ እንምጣ። በእቁቡ ብር አሥር ደረጃ ድረስ ትሄዳለህ። አሥር ጊዜ በተከታታይ የመበላቱ ዕድል ከ1,024 አንድ ነው። 1,023 ዙር አሸንፈህ በየዙሩ 50 ስታገኝ 51,150 ብር ይሆናል። አሥሩንም ስትበላ የሚሄደው ከ50 እስከ 25,600 ሲደመር ደግሞ 51,150። ሃያ ደረጃ ብትወጣም ውጤቱ ያው ዜሮ ነው። ብርህ በበዛ ቁጥር ክፉው ቀን ይርቃል፤ ሲመጣም በዚያው ልክ ገዝፎ ይመጣል። ሲስተምህ ኪሳራውን አላጠፋውም፣ ቀጠሮ ነው የሰጠው።

ይህ እንግዲህ ከጨዋው ሰው ጋር ነው። ቤቲንግ ቤቱ ግን ነጋዴ ነው። ኪራይ ይከፍላል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ስክሪን ይሰቅላል። ብዙ ሰው «ያጭበረብሩናል» ይላል። ማጭበርበር ምን አስፈለጋቸው? ድርሻቸው ኦዱ ውስጥ ተቀምጧል። ለራሴ ልየው ብዬ ከስታዲየም ጀርባ ካሉት ቤቶች አንዱ ጎራ ብዬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጨዋታ ዝርዝር አየሁ። አንተም ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ብታይ ይህን መሰል ታገኛለህ። ኦቨር 1.90፣ አንደር 1.90። ጎሉ ቤቱ ካስቀመጠው ቁጥር ወይ ይበልጣል ወይ ያንሳል፤ ሦስተኛ ነገር የለም። ሁለቱ እኩል ዕድል ካላቸው ትክክለኛው ዋጋ 2.00 እና 2.00 ነበር። ያቺ የጎደለችው 10 ሳንቲም የቤቱ እንጀራ ናት። አሸናፊ፣ አቻ፣ ተሸናፊ የሚለው ላይማ ይብሳል። 2.10፣ 3.20 እና 3.40 የሚል ዋጋ ብታገኝ፣ አንድን ለእያንዳንዳቸው አካፍለህ ደምር። 1.08 ገደማ ይመጣል። ከ1 ያለፈችው ያቺ 8 ሳንቲም ናት ቤቱን የምታኖረው። ማን አሸነፈ ማን ተሸነፈ፣ ቤቱን ብዙም አይጨንቀውም።

ስለዚህ ቤቱ 2.00 ብሎ የሚሸጥልህ ጨዋታ የመግባት ዕድሉ ከመቶ 50 አይደለም። የቤቱን ድርሻ ከብር 5 ሳንቲም ብቻ ብናደርገው እንኳ 47.5 ነው። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ በእጥፍ ሲስተም ላይ ግን እየተደራረበ ይሄዳል። ስምንት ጊዜ በተከታታይ መበላት ከ256 አንድ የነበረው ከ173 አንድ ይሆናል። 172 ዙር አሸንፈህ 8,600 ብር ታገኛለህ፣ በ173ኛው 12,750 ትከፍላለህ። 4,150 ብር ጎደለ። በእቁቡ ብር አሥር ደረጃ ብትሄድ ደግሞ ከ629 ዙር አንዱ ላይ ነው የሚመጣብህ። 628 በ50 ሲባዛ 31,400 ነው፤ የምትከፍለው 51,150። ጉድለቱ ወደ 19,750 ሄደ። ካፒታል ጨመርክ፣ ኪሳራው ከነድርሻው ጨመረ።

«ታዲያ ያ ሁሉ ዙር እንዴት ሠራልኝ?» ትለኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሲስተም የያዘ ሰው ሁሉ ልቡ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ካንተ ጋር መቶ ሰው በዚሁ ዘዴ ቢጀምር፣ ከ80 ዙር በኋላ 63ቱ ያህል አንዴም ሳይወድቁ 4,000 ብራቸውን ይዘው ደረታቸውን ነፍተው ይቆማሉ። ብልሃት ስላላቸው አይደለም። ክፉው ቀን ገና ስላልደረሰባቸው ነው። የቀሩት 37ቱስ የት አሉ? ዝም ብለዋል። ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ሲስተም የሚያስተምርህ ሰው ምንጊዜም ከ63ቱ አንዱ ነው።

አሁን ደግሞ ደብተርህ ላይ ያላየሁት ነገር አለ። ግብር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ (ቁጥር 979) 1,000 ብር በሞላ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር። አንተ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ ስለምታሸንፍ አልነካህም፤ ስለዚህ በሒሳብህ አላስገባኸውም። በዚያው መጠን እናስገባው። ላንተ የሚመቸውን ይዘን፣ ግብሩ የሚቆረጠው ካስያዝከው በላይ ካገኘኸው ላይ ብቻ ነው እንበል። ስድስተኛው ደረጃ ላይ 1,600 አስይዘህ 1,600 አገኘህ። 240 ብር ተቆረጠ። ካለፉት ኪሳራዎች ተርፎ የሚቀርህ 50 ብር ነበር፤ አሁን 190 ብር ጎደለህ። አሸንፈህ ከሰርክ ማለት ነው! ስምንተኛው ላይ ብታሸንፍ ኖሮ 910 ብር ይጎድልህ ነበር። የሚያንገበግብህ ዘጠነኛውስ? 12,800 አግኝተህ 1,920 ብር ሲቆረጥ፣ «ሁሉንም እመልስ ነበር» ያልከው ዙር በ1,870 ብር ኪሳራ ይዘጋል። ይህን ከጻፍክ በኋላ ያን ዘጠነኛ ጨዋታ ደግመህ አስበው።

ደግሞም ዘጠነኛው ገባ እንጂ መግባት ነበረበት ማለት አይደለም። ስምንቴ የተበላ ሰው «አሁንስ ተራው የኔ ነው» ይላል። ዘጠነኛው ጨዋታ ላይ የሚሮጡት ልጆች ግን ያንተን ስምንት ቲኬት አያውቁም። ዕድሉ ያው 47.5 ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1913 በሞንቴ ካርሎ ካዚኖ የሩሌት (ቀይና ጥቁር ቁጥሮች ያሉት የሚሽከረከር ጎማ) ኳሷ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ አረፈች። ጠረጴዛውን የከበቡት ሰዎች ጥቁሩ በተደጋገመ ቁጥር «አሁንስ ቀይ ነው» እያሉ ብራቸውን ቀይ ላይ አፈሰሱ። እዚያ መካከል እንዳንተ እጥፍ የሚያደርግ ቢኖርና ከ50 ብር ቢጀምር፣ አሥራ አንደኛው ላይ ብቻ 51,200 ብር ይጠየቅ ነበር። እቁብህ እስከ አሥር ነው የሚያደርስህ። ቤቶቹም አንድ ሰው በአንድ ቲኬት የሚያስይዘው ላይ ጣሪያ አላቸው፤ ስለዚህ ሀብታም ብትሆንም ማብቂያው አይቀርም።

ይህ ያንተ ሲስተም አዲስ ነገር እንዳይመስልህ። ስሙ ማርቲንጌል ነው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ የታወቀ ነው። ካሳኖቫ የሚባለው የቬኒስ ሰው፣ በሴት ወዳድነቱ ስሙ የገነነው፣ እ.ኤ.አ. በ1754 በዚሁ ዘዴ እየተጫወተ የፍቅረኛውን ወርቅ ጨረሰባት። ግማሹ እቁብ የማን እንደሆነ ስለጻፍክልኝ ነው ያነሳሁት። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሌሎች ሲስተሞች፣ ሲበሉ አንድ እርከን ጨምሮ ሲያሸንፉ አንድ መቀነሱም፣ ቁጥር በተራ ጽፎ ግራና ቀኙን እየሰረዙ መሄዱም፣ ሁሉም የሚለዋውጡት ስንት ብር መቼ እንደሚያዝ ነው። ዋጋውን የሚነካ አንድም የለም። ከምታስይዘው ከእያንዳንዱ ብር 5 ሳንቲም ይወሰዳል፤ ብሩን በፈለግከው ቅደም ተከተል ብታሰልፈው።

ካዚኖን ያሸነፈ ሰው የለም ወይ? አለ። ኤድዋርድ ቶርፕ የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ብላክጃክ በሚባለው የካርታ ጨዋታ ላይ የወጡትን ካርታዎች በመቁጠር ቤቱን መብለጥ እንደሚቻል አሳየ። ልብ በል፣ እሱ የቀረው ካርታ ለማን እንደሚያደላ አወቀና ዕድሉ ወደ እሱ ሲያጋድል ብቻ ብሩን ጨመረ። አንተ ብር የምትጨምረው ስለተበላህ ነው። ስለ ጨዋታው ቤቱ የማያውቀውን ምን አወቅክ? ደብተርህ ላይ የብሩ መጠን እንጂ ስለ ቡድኖቹ አንድ ቃል የለም።

እንደ ጓደኞችህ አለመቁረጥህ ግን ልክ ነው፤ የረጅም ቲኬት፣ ብዙ ጨዋታ አብሮ ተቆርጦ ሁሉም ካልገቡ የሚበላበት፣ ነገሩ የባሰ ነው። ያን ቀን ስታዲየም ጀርባ አንድ ልጅ ቲኬቱን ጨምድዶ «በአንድ ጨዋታ! በአንድ ጨዋታ ነው የተበላሁት!» እያለ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ያሳያል። አሥር ጨዋታ ቆርጦ ዘጠኙ ገብተዋል። ሲያዩት ያሳዝናል፤ ለጥቂት ያመለጠው ይመስላል። እያንዳንዱ ጨዋታ ከመቶ 80 የመግባት ዕድል ያለው፣ «ሹር» የሚሉት ዓይነት ቢሆን እንኳ፣ አሥሩም አብረው የሚገቡት ከመቶ 11 ጊዜ ገደማ ነው። ልክ አንዱ ብቻ የሚበላሸው ደግሞ ከመቶ 27 ጊዜ። «በአንድ ጨዋታ» ማለት እንግዲህ የልጁ መጥፎ ዕድል አይደለም። ከማሸነፍ ይልቅ ሁለት እጥፍ ተኩል የሚያዘወትር ተራ ውጤት ነው። ያቺ ብስጭት ናት በማግስቱ የምትመልሰው። የቤቱም ድርሻ በየጨዋታው ስለሚባዛ፣ በነጠላ 8 በመቶ የሚወስድ ቤት በአሥር ጨዋታ ቲኬት ላይ ከ100 ብር በአማካይ የሚመልሰው 43 ያህሉን ነው።

የፊክሱን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ቻናሉ 900 ሰው ሰብስቦ ለ300ው ባለሜዳው ያሸንፋል፣ ለ300ው አቻ፣ ለቀሩት 300 እንግዳው ብሎ ይልካል። የትኛውም ይሁን 300 ሰው «ልክ ነበር!» ይላል። እነሱን እንደገና ለሦስት ይከፍላል። አሁን ሁለቴ በተከታታይ ልክ የተነገራቸው 100 ሰዎች አሉ፤ እነሱ ናቸው ለሦስተኛው ብር የሚልኩት። ጓደኛህ ከመቶዎቹ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ጨዋታ በእርግጥ የገዛ ሰውስ ቢኖር፣ ምስጢሩን በ500 ብር ለማያውቀው ሰው የሚሸጠው ምን ሆኖ ነው?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንለፍ። ከደብዳቤህ ሁሉ ያስደነገጠኝ በቅንፍ ውስጥ ያስገባሃት አንዲት መስመር ናት። የሱቁ 3,000 ብር። «እተካዋለሁ» ብለሃል፤ የወሰደ ሁሉ የሚለው እሱን ነው፣ አብዛኛውም ከልቡ ነው የሚለው። ደመወዝ እስክትቀበል አትጠብቅ። ከወንድም፣ ከዘመድ ተበደር፣ ትርፍ ስልክ ካለህ ሽጥ፤ በዚህ ሳምንት ብሩ መሳቢያው ውስጥ ይመለስ። ከዚያ ለአሠሪህ ራስህ ንገረው። ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ሊያባርርህም ይችላል። ግን ሒሳብ ሲዘጋ ራሱ ካገኘው ማባረር ብቻ አይሆንም፤ ለገሃር ሰፈር ጠባብ ነው፣ ጥገና ቤቱም ሁሉ ይተዋወቃል።

እቁቡን በተመለከተ፣ ብሩ በእጅህ እያለ ፈተናው አይቀርልህምና መጀመሪያውኑ እንዳይገባ አድርግ። ተራ መቀያየር በእቁብ የተለመደ ነው። ሰብሳቢውን አነጋግርና ተራህን ከኋላ ካለ ሰው ጋር ተቀያየር። እሱ ካልሆነ ገንዘቡ በእጮኛህ ሒሳብ እንዲገባ ንገራቸው። ቴሌብር ላይ የምታስቀምጠውንም ቀንስ። ስልክህ ላይ ያለ ብር ከቤቲንጉ የሁለት ጠቅታ ርቀት ላይ ነው ያለው።

ሌላም ልብ ልትለው የሚገባ ነገር አለ። የተበላኸውን ለማስመለስ ብለህ የሰው ብር ነክተሃል፤ አሁን ደግሞ የበለጠ ልትጨምር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነቱን ከቁጥጥር የወጣ ቁማር በበሽታ መዝገቡ ውስጥ አስፍሮታል። አንተ እዚያ ደርሰሃል እያልኩ አይደለም፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን ሁለት ሳምንት ሳትጫወት ለመቆየት ሞክር። ካቃተህ፣ እንቅልፍ ከነሳህ፣ አማኑኤል ሆስፒታል ሄደህ የአእምሮ ሐኪም አማክር። ሰዉ አማኑኤል ሲባል የሚስቀውን ተወው፤ ወረፋው ላይ ባንክ ሠራተኛም፣ ሹፌርም፣ ተማሪም ታገኛለህ።

ለእጮኛህስ? ተራህን ከመቀያየርህ በፊት ንገራት፤ ከሰብሳቢው አፍ ከሰማችው ሌላ ታሪክ ይሆናል። ስትነግራት ሙሉውን ቁጥር ንገራት። «4,000 አትርፌ ስለነበር የተጎዳሁት 8,750 ብቻ ነው» ብለህ እንዳትጀምር። 12,750 በላት፣ 3,000ው የሱቁ እንደሆነም፣ በእቁቡ ብር ምን ልታደርግ አስበህ እንደነበርም። ደብተሩን ስጣትና እሷ ራሷ ታገላብጠው። ትቆጣለች፣ ምናልባት ጥቂት ቀን አታናግርህም። ግማሹ ብር የእሷ ነው፤ መቆጣቱም የእሷ መብት ነው።